ጋራዥ ውስጥ የከረመው ባትሪ

ቹሶቮይ፣ እሑድ፣ ኤፕሪል 26 ቀን 1987

ውድ ሮዲዮን፣

ጤናህስ? ወገብህስ? እናንተ ጋ ማጋዳን በረዶው ገና እንዳለ ራዲዮው ይነግረናል። እኛ ጋ ለቋል። ወንዙ እንደ መድፍ እየጮኸ ተሰነጠቀና ቁርጥራጩ አሁን እየተጋፋ ወደ ታች ይወርዳል። እናትህ ጠዋት ጠዋት መስኮት ላይ ቆመው «ሂድ፣ ሂድ፣ ማን ያዘህ» ይሉታል። እኔ ደህና ነኝ። ትምህርት ቤቱም እንደነበረ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ዘንድሮም የሙከራ ቱቦዎቼን እየሰበሩ ነው።

የምጽፍልህ ስለ መኪናው ነው። ከጀመርኩ ስለማላቆም ተመቻችተህ ተቀመጥ። በዚህ ወር ያየሁትን ለማንም አጣፍጬ አልነገርኩም። እማማ አብረውኝ ነበሩ፣ የጋራዥ ጎረቤታችን ጋሽ ራፋይልም አብሮኝ ነበር፤ ለሌላው ሰው ደግሞ የባትሪ ወሬ ምኑ ነው? አንተ ግን የምትሰማኝ ይመስለኛል።

ነገሩ የጀመረው ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት፣ ሰኞ ዕለት ነው። ክፍል ውስጥ ሳለሁ ጸሐፊዋ በሩን ገፋ አድርጋ «ታይሲያ፣ ስልክ፤ ከሊፖቭካ ነው» አለችኝ። የመንደሩ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። አክስትህ ፌክላ ሳንባዋን ታማ ከአልጋ መነሳት አቅቷታል። ሆስፒታል ሂጂ ሲሏት እምቢ ትላለች።

«እህቴ ካፒቶሊና ካልመጣች የትም አልሄድም ብላለች» አለች ነርሷ። «መርፌውን እየወጋኋት ነው፤ ግን መርፌ ብቻውን ምን ያደርጋል? እኔ ጎትቼ አላወጣት። አንድ ነገር አድርጉ እንጂ።»

እናትህና ፌክላ በእናታቸው የስፌት መኪና ተጣልተው ቃል ሳይለዋወጡ ስንት ዘመን እንደሆነ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ስለዚህ ቤት ስደርስ ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳቸው። እማማ ድንች ይልጡ ነበር። ቢላዋውን አላስቀመጡም።

«በራሷ አፍ ነው የጠራችኝ?»

«በራሷ አፍ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ልትሞት ነው» አሉና ድንቹን ልጠው ጨረሱ። ከዚያ ቀና ብለው «አውቶቡሱስ?» አሉኝ። አውቶቡሱ መንገዱ እስኪደርቅ ቆሟል። በጭቃ ወራት ወደ ሊፖቭካ የሚሄድ ወይ ትራክተር ነው ወይ እብድ። እማማ ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። «መኪና አለን አይደል እንዴ?» አሉ።

አለን። መንጃ ፈቃድም አለኝ፤ ሠርግ ቤት ስትጠጣ ነድቼ እንዳመጣህ ብለህ ያስወጣኸኝ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ባትሪውን በብርዱ ወራት የምታስቀምጥበት ኮሪደር ውስጥ ፈለግኩት፤ የለም። ለጋሽ ራፋይል አደራ ሰጥተኸው ይሆናል ብዬ አካፋ ይዤ ከእማማ ጋር ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ወዳሉት ጋራዦች ወረድን።

በሩ ላይ የተቆለለው በረዶ እስከ ወገቤ ይደርሳል። ስዝቅ ስዝቅ ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ጓጉንቸሩ በብርድ ደርቆ አልከፈት ስላለ እማማ የሙቅ ውሃ ላስቲካቸውን አስደግፈውበት ቆሙ። ውስጡ ያው የምታውቀው ጠረን ነው፤ ቤንዚን፣ ጎማና አሮጌ ድንች። ኮፈኑን ሳነሳ ባትሪው ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ፍለጋውም ሸክሙም ቀረልኝ አልኩ። ቁልፉን አዞርኩ። ትንፍሽ አላለም። ጠጋ ብዬ ሳየው ጎኑ ተነፍቶ እንደ እርጉዝ ሆድ ሆኗል። ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፣ በስንጥቁም በረዶ ብቅ ብሏል።

ጋሽ ራፋይል ቀጥሎ ካለው ጋራዥ ሞተር ብስክሌቱን እየጠረገ ነበር። ስጠራው መጥቶ አጎንብሶ አየ።

«ሮዲዮን ነው እንዲህ ትቶት የሄደው?»

«እሱ ነው።»

«የእኛ ሮዲዮን?»

«ሌላ ሮዲዮን አለን እንዴ?» አሉት እማማ።

ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰ። ጣቱን በጨርቅ ጠረገ፤ ጠርጎ ሲያበቃ እንደገና ጠረገ። «በየዓመቱ እኮ እንደ ሕፃን አቅፎት ነበር ወደ ቤት የሚወጣው። ስም አውጣለት፣ ክርስትና አስነሳው እያልኩ ስቄበታለሁ» አለ። ከዚያ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ወሬውን ቶሎ ወደ ሌላ አዞረው። «በእኔ ሞተር ብስክሌት ላድርሳችሁ። እማማ ካፒቶሊና ጎኑ ላይ ባለው ወንበር ይቀመጣሉ።»

«እኔ በሕይወቴም በሞቴም ገንዳ ውስጥ ተጋድሜ አልሄድም» አሉ እማማ። «ደግሞ ያንተን አነዳድ አይቼዋለሁ። እህቴን ልጠይቅ ስሄድ እሷ ቀድማ ልትቀብረኝ ነው።»

ሞተር በእጅ የሚያስነሳውን ማኖቬላም ሞከረ፣ ምስኪን። አንዴ አዞረው፣ ሁለቴ አዞረው፣ በሦስተኛው ማኖቬላው ተመልሶ የእጁን አንጓ መታው። «ባትሪ በሌለበት ብልጭታው ከየት ይመጣል፣ ጋሼ?» ስለው «አውቃለሁ፤ ቆሜ ከማይ ብዬ ነው» አለኝ እጁን እያሸ። የሌሎቹ ጋራዦች በር ሁሉ ገና በበረዶ እንደታተመ ነው። ባለቤቶቻቸው ጋሽ ራፋይል «የበረዶ አበቦች» የሚላቸው፣ መንገዱ ሲደርቅ ብቻ ብቅ የሚሉ ናቸው። ስለዚህ ባትሪ የሚያውሰን አላገኘንም።

አሁን እኔን ወደ ገረመኝ ነገር ልምጣ። ይህን የኬሚስትሪ ትምህርት ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስየዋለሁ፤ የእርሳስ ማዕድን ዝርግ እዚህ፣ የእርሳስ ዝርግ እዚያ፣ መሐሉ አሲድ፣ ቀስት ወዲህ፣ ቀስት ወዲያ። የባትሪ ሆድ ውስጥ ግን አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። የሞተውን በልብስ ማጠቢያ ገንዳ አድርገን ወደ ቤት አወጣነው። አንድ ደረጃ ወጥተን እናርፋለን፤ ደግሞ አንድ ደረጃ። እማማ «ሲወጣ ኖሮ ሲሞት ይወጣል» እያሉ ከኋላ ይገፉኛል። በረዶው ሲቀልጥ አንዱን ክዳን ከፍቼ ያንን ውሃ ቀዳሁና በመስታወት መለኪያዬ ለካሁት። አሲድ መሆን የነበረበት ፈሳሽ ውሃ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የሽርጤን ጫፍ ግን ያችው የቀረችዋ አሲድ በልታዋለች።

«ማን ነው ባዶ ያደረገው?» አሉኝ እማማ። መነጽራቸውን አድርገው ወንበራቸውን አስጠግተው ነበር።

«ማንም አይደለም። ዝም ብሎ ሲቀመጥ በራሱ ይደክማል። ሲደክም አሲዱ ወደ እርሳሱ ይገባና የሚተርፈው ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ ያው ይረጋል። ሞልቶ ቢሆን ኖሮ የዘንድሮው ብርድ ምንም አያደርገውም ነበር።»

«ሳይሠራ ይደክማል?»

«ሳይሠራ ነው እንዲያውም የሚደክመው።»

«ስለዚህ የሚጠይቀው ሰው ይፈልጋል።»

«ይፈልጋል። ከመኪናው ሽቦ ማላቀቅ፣ ራሱን መጥረግ፣ በየወሩ ትንሽ ኤሌክትሪክ ማጉረስ። በቃ፣ ሌላ ነገር አይጠይቅም።»

እማማ መነጽራቸውን አወለቁ። «ኮሪደሩ ሰፍቶኝ ነበር» አሉ።

«ምን አሉ?»

«የሱፍ ቦቲዬን የማስቀምጠው ከባትሪው አጠገብ አይደል? ሁልጊዜ ጠቦኝ እነጫነጭ ነበር። ዘንድሮ እንደልቤ አስቀመጥኩት። ኮሪደሩ ሰፋ አልኩ። ለምን ሰፋ ግን አላልኩም።» ከዚያ ጭቃ የነካውን ጫማቸውን ሊያጥቡ ተነሱ።

ሮዲዮን፣ እኔ በየቀኑ በዚያ ኮሪደር አልፋለሁ፤ ልብ አላልኩም። አሁን ግን ነገሩን ማሰብ መተው አልቻልኩም። የማላውቀውን ነገር ሳገላብጥ መዋል እንደምወድ ታውቃለህ። በኦክቶበር ለሥራ ወደ ማጋዳን ስትሄድ ለምን አላወጣኸውም? ረስተኸው እንዳልል፣ አንተ የመስኮት ስንጥቅ በጥጥ መድፈን እንኳ የማትረሳ ሰው ነህ። ወገብህ አሞህ እንዳልል፣ በዚያው ቀን ትልቁን ሻንጣህን አንድ ጊዜ እንኳ ሳታሳርፍ ነው ያወረድከው። ቸኩለህ ይሆን? ባቡሩ ማታ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ጋራዥ ዋልክ። በየትም በኩል ሳገላብጠው አንድ ጎኑ አይገጥምልኝም። አስበህ ያደረግከው ነገር ነው ወይስ እጅህ ዝም ብሎ ያደረገው? እንዲህ የሚባል ነገር አለ፤ እጅ አንዳንዴ ከሰውየው ቀድሞ ያውቃል። መልሱን ስጠኝ እያልኩ አይደለም።

በእርግጥ ልጠይቅህ ሞክሬ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ፖስታ ቤት ሄጄ ያንን ለክፉ ቀን ብለህ የሰጠኸኝን፣ የጎረቤት ስልክ ነው ያልከኝን ቁጥር አስደወልኩ። እናንተ ጋ ከሰዓት በኋላ ነው። አንዲት ሴት አነሳች።

«ሮዲያ ሥራ ላይ ነው» አለችኝ፣ በቁልምጫ ስምህ። «ለራት ሲመጣ እነግረዋለሁ። ማን ልበለው?»

«ስለ መኪናው ነው በይልኝ።»

«የምን መኪና?»

«እሱ ያውቃል» አልኳት።

መልእክቱን ነግራህ ይሆናል። ድምፅዋ ጥሩ ነው፤ ከኋላዋ ሬዲዮ ይጫወታል፣ የሆነ ነገርም ይጠበሳል። ጎረቤቶችህ ሰው የሚያስታውሱ በመሆናቸው ደስ ብሎኛል። ለእማማ «መስመሩ እምቢ አለ» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝ። «እምቢ ካለ እምቢ ነው» አሉና ሄደው ቁም ሳጥናቸውን ከፈቱ።

ለመቃብራቸው ያስቀመጡትን ጥቅል ታውቀዋለህ። ነጩ ቀሚስ፣ ከአንዲት የኦረንቡርግ ሴት የገዙት የፍየል ጠጉር ሻል፣ ሻማው። ሻሉን አወጡት። አየር የያዙ ያህል ቀላል ነው፣ እንኳን ለመቃብር ለንግሥት ይሆናል።

«እማማ፣ ይሄንንስ አይንኩት» አልኳቸው።

«ሙት አይበርደውም። የሚበርደው ባትሪ ነው አላልሽም?»

ሻሉን ደረታቸው ውስጥ ከተው ብቻቸውን ወጡ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃችን ላይ ታክሲ ቆሟል። ሾፌሩ ትልቅ አዲስ ባትሪ ትከሻው ላይ አድርጎ ደረጃውን ይወጣል፣ እማማ ከኋላው ሆነው «ግድግዳውን እንዳትነካ፣ አሁን ነው የተቀባው» ይሉታል። በሱቅ ቢሆን ወረፋው እስከ መኸር ይደርስ ነበር። ለብቻዬ ሲያገኘኝ ሾፌሩ «ሻሉን አልወስድም ብያቸው ነበር፣ ተቆጡኝ። ሚስቴ አራስ ናት፣ እግዜር ይስጥልን» አለኝ።

ባትሪው ደረቅ ነበር፤ አሲድ አልገባበትም። አሲዱን ጋሽ ራፋይል በጠርሙስ አመጣልን፣ የተጣራውን ውሃ እኔ ከቤተ ሙከራዬ አመጣሁ። በረንዳ ላይ ወጥተን በትልቅ የመስታወት ዕቃ ቀላቀልነው። እማማ የመበየጃ መነጽርህን አድርገው በሩ ላይ ቆሙ።

«ምኑን ምኑ ላይ ነው የምታፈሺው?»

«አሲዱን ውሃው ላይ፣ በቀስታ፣ እንደ ክር እያቀጠንኩ። ውሃውን አሲዱ ላይ ካፈሰስነው ይቆጣና ፊታችን ላይ ይተፋል።»

«እንደ አማትና ምራት ነው በይኛ።»

«ማን ናት አሲዷ?»

«እሱማ እንደ ቀኑ ነው» አሉ።

ዕቃው ከሥሩ እሳት ያለ ይመስል ጋለ። ልጆቹን «ይሞቃል» እያልኩ ሳስተምር ኖሬ እንዲህ እጅ የሚያስለቅቅ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። እስኪበርድ ሳንነካው አሳደርነው። ሐሙስ የባትሪውን ጉድጓዶች ሁሉ አንድ በአንድ ሞላሁ፤ ዝርጎቹ ከላይ እስኪሸፈኑ ድረስ እንጂ አፉ ድረስ አይደለም። ከዚያ የጋሽ ራፋይልን ቻርጀር ሰካን።

ዓርብ እኔ ሥራ ነበርኩ፣ ባትሪውን የጠበቁት እማማ ናቸው። ሲሞላ የሚወጣው አረፋ የሚነድ አየር ነው ብዬ ስላስጠነቀቅኳቸው መስኮቱን ከፍተው፣ ምድጃውን አጥፍተው፣ ካፖርት ለብሰው ኩሽና ውስጥ ቁጭ አሉ። ጋሽ ራፋይል ሊጠይቅ ሲገባ ሲጋራው አፉ ላይ ነበር። አውጣው አላሉትም። ከአፉ መንጭቀው ለእሱ ቀድተው ባስቀመጡት ቀዝቃዛ ሻይ ውስጥ ነከሩት። «ሻዩን ጠጣሁት እኮ» ይላል አሁንም ለሰው ሁሉ እያወራ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጸሐፊዋ ክፍሌን አንኳኩታ ልጆቹ ፊት «እናትሽ ደውለው ነበር፤ ፈላ በያት ብለዋል። ምኑ ነው የፈላው?» አለችኝ። ልጆቹ እስኪደወል ድረስ ሳቃቸውን አላቆሙም። እኔም ነገሩን ትቼ የዕለቱን ትምህርት ስለ ባትሪ አደረግኩት።

ቅዳሜ ገጠምነው። የኬብሎቹ ራስ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ተጋግሮ ነበር፤ በውሃ በተበጠበጠ ቢካርቦኔት ሳሻሸው እንደ ሳሙና አረፋ ደፍቆ ለቀቀ። ከዚያ አንድ ስህተት ሠራሁ። አንተ ሁልጊዜ መጀመሪያ ፖዘቲቩን እንደምታስር አይቻለሁ፤ የልማድ ነገር መስሎኝ ኔጋቲቩን አስቀደምኩ። ቀጥሎ ፖዘቲቩን ሳጠብቅ መፍቻው ዞሮ የመኪናውን አካል ነካ። ብልጭታው እስከ እጄ ድረስ ዘለለ። እማማ አማተቡ፣ ጋሽ ራፋይል ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሄደ። እኔ ግን መፍቻዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ ገባኝ። ኔጋቲቩ ከታሰረ የመኪናው ብረት ሁሉ የባትሪው አንድ ጫፍ ሆነ ማለት ነው። ስትፈታ ኔጋቲቩን ማስቀደም፣ ስታስር ማስከተል። ስንት ዓመት ይህን ስታደርግ ፋኖሱን ይዤልህ ቆሜአለሁ። ለምን እንደሆነ ጠይቄህም አላውቅም፣ ነግረኸኝም አታውቅም። ያንን ሁሉ ጊዜ ምን ስናወራ ነበር?

የታክሲው ባትሪ ከድሮው ስለሚበልጥ የሚይዘው ብረት አልደረሰለትም። ጋሽ ራፋይል በእንጨት ሽብልቅ ከጎኑ ወተፈው፣ እኔ ደግሞ ሰፊውን የቆዳ ቀበቶህን አመጣሁና አሰርኩት። ዘለበቱን ቆረጥኩት፣ ብረት ስለሆነ አደጋ አለው። ቀበቶውን ብትፈልገው እዚያ ነው። ራሶቹን ቫዝሊን ቀባሁ፤ ቁልፉን አዞርኩ። መጀመሪያ አቃሰተ፣ ሁለተኛ አስነጠሰ፣ ሦስተኛ ተነሳ። እማማ ጣራውን መታ መታ አድርገው «አይዞሽ» አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለመኪናዋ አላወቅኩም።

የፋሲካ ዕለት በጠዋት ወጣን። በሽንኩርት ልጣጭ የቀለምናቸውን እንቁላሎች እማማ ጭናቸው ላይ በሰሃን ይዘዋል። መንገዱን አልነግርህም፤ መንገድ አይባልም። ደን መግቢያው ላይ ተቀረቀርን። ፍሪሲዮኑን ስለቅ ጎማው ጭቃውን ጣራው ላይ ይረጨዋል። እማማ «አልወርድም» አሉ። ቆይተው ወረዱ። ቅርንጫፍ ቆርጠን ጎማው ሥር አነጠፍን፣ እኔ ነዳሁ፣ እርሳቸው ሰሃኑን በአንድ እጅ ይዘው በሌላው ገፉ። አንድም እንቁላል አልተሰበረም።

ፌክላ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር የተኛችው፣ ከአጥንት በቀር የቀረ ነገር የላትም። እማማ በሩ ላይ ቆሙ።

«ክርስቶስ ተነሥቷል» አሉ።

«በእውነት ተነሥቷል» አለች ፌክላ። ቀጥላም «አረጀሽ» አለቻቸው።

«አንቺስ ተሞሽረሽ ነው?»

«በምን መጣሽ?»

«በመኪና።»

«ሮዲዮን አመጣሽ?»

«ታይሲያ ናት የነዳችው።»

«ሮዲዮንስ?»

እማማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ እንቁላል መረጡ፣ መላጥ ጀመሩ። «ቀርቷል» አሉ። ፌክላ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ወደ እንቁላሉ።

የስፌት መኪናው ጥግ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል። «ያውልሽ፣ ውሰጂው» አለች።

«ምን ያደርግልኛል፤ የመርፌ ቀዳዳ አላይም።»

«እኔም ማየት ከተውኩ ቆየሁ።»

ተያዩና ሳቁ። የፌክላ ሳቅ ወደ ሳል ዞረ፣ ሳሉ አልቆም አለ፤ ያን ጊዜ እማማ «በቃ፣ ተነሺ» ብለው በብርድ ልብስ ጠቀለሏት። ነርሷና እኔ ተሸክመን ኋላ ወንበር ላይ አስተኛናት። ስንመለስ እማማ ከፊት አልተቀመጡም፣ የእህታቸውን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው ነበር። መንገዱን በሙሉ ስለ አንድ ሊፖቭካ ስለነበረ ውሻ ተከራከሩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በጥንቃቄ ነድቼ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀን ደግሞ መንዳት ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሐኪሙ ጥቂት ቀን ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ አለና ቀሪውን አልጨረሰም።

ትናንት ከሆስፒታል አወጣናት። ቀለም ገብቷታል፣ ምግብም ትመርጣለች። ወደ መንደሯ ብቻዋን አንመልሳትም፤ እማማ ከዚህ በፊት ሰምቼባቸው በማላውቀው ድምፅ «አይሆንም» አሏት፣ እሷም ብዙ አልታገለችም። ጋሽ ራፋይል የስፌት መኪናውን ሊያመጣልን ቃል ገብቷል። እኔ ባትሪውን በየወሩ አየዋለሁ፤ ውሃው ሲጎድል የተጣራ እጨምርለታለሁ፣ ሲበርድ ወደ ቤት አወጣዋለሁ። በጋራዦቹ ሰፈር አሁን ስሜ «መምህርቷ» ነው። ሁለት የበረዶ አበቦች ባለፈው ባትሪያቸውን እንድለካላቸው መጥተው ነበር።

ፌክላ የእኛ ክፍል ውስጥ ነው የምትተኛው፤ መስኮቱ በኩል ፀሐይ ስለሚገባ። ለልብሷ ቦታ ስንፈልግ ያንተን ቁም ሳጥን ለቀቅንላት። ልብሶችህን አጥቤ፣ የላሉትን ቁልፎች ሰፍቼ በሁለት ጥቅል አድርጌአቸዋለሁ፤ ነገ በፖስታ እልካቸዋለሁ። ሹራቦችህ አንደኛው ውስጥ ናቸው። በሁለተኛው ነጭ ሸሚዞችህንና የበጋ ጫማህን ጨመርኩ። እማማ ሳጣጥፍ አይተው «የበጋውንም?» አሉኝ። «ማጋዳንም በጋ አለው አሉ» አልኳቸው። አብረውኝ አጣጠፉት።

እናትህ እንዲህ በይው ብለውኛል፤ የትም ብትሆን እግዚአብሔር ከብርድና ከክፉ ይጠብቅህ፣ የምትበላው ትኩስ ይሁን፣ ያለ ኮፍያ አትውጣ። አክስትህም ሰላም ትልሃለች። እኔም ጤናህን እመኝልሃለሁ፣ ከልቤ ነው።

ታይሲያ